ሕንፃ የሌለው ቁምስና፤ በደማምና በኮበር ስላሉት ካቶሊካውያን ምእመናን

ስለ ዐረብ ምድር ክርስትና በተነሣ ቍጥር የኢትዮጵያ ተማሪ አሳቡ ወዲያው ወደ ደቡብ፥ ወደ ናግራን ይሄዳል። የቅዱስ ኂሩትንና የናግራንን ሰማዕታት ገድል፥ የንጉሥ ካሌብንም ዘመቻ በስንክሳር ሲነበብ እየሰማ ያደገ ነውና ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው በዐረብ ምድር፥ በስተ ምሥራቅ በኩል በባሕረ ሰላጤው ዳር፥ በዕድሜ ከናግራን የማያንስ ሌላ የክርስቲያን አገር ነበረ። ዛሬ በዚያ ዳርቻ ደማምና ኮበር፥ በአጠገባቸውም የነዳጅ ዘይት ከተማ የሆነችው ዘህራን ይገኛሉ። ከእነርሱ በስተ ደቡብ ባሕሩ ወደ አሸዋው ገብቶ ስለ ጐበጠ ዐረቦች ቦታውን ኒስፍ አልቀመር፥ ማለት ግማሽ ጨረቃ ብለውታል፤ የከተማው ሰው ለዕረፍት የሚወርድበት የባሕር ዳር ነው።

በዚህ አገር ብዙ ካቶሊካውያን ይኖራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን የለም። በሳዑዲ ዐረቢያ የክርስቲያን ቤተ ጸሎት መሥራት አልተፈቀደም፤ ደወል አይደወልም፥ መስቀልም በጣራ ላይ አይቆምም። ከእነዚህ ምእመናን መካከል ከኢትዮጵያ ለሥራ የሄዱ ብዙ እኅቶችና ወንድሞች አሉ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እነዚህ ሰዎች አንድ የምእመናን ማኅበር፥ አንድ ቁምስና ናቸው ወይስ በባዕድ አገር የተበተኑ ነጠላ ሰዎች ናቸው? ነገሩ የቃል ክርክር እንዳይመስል፥ መልሱ ነገ ቆሞስ የሚሆነው የዘርዐ ክህነት ተማሪ ከቁምስናው ወጥታ ወደዚያ የምትሄደውን ልጅ እንዴት አድርጎ እንደሚሸኛት፥ ስትመለስም እንዴት እንደሚቀበላት የሚወስን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ሕጉን መመልከት ያስፈልጋል። በ1917 የታወጀው የላቲን ሕገ ቀኖና ሀገረ ስብከት በመሬት እንዲከፋፈል፥ ለየክፍሉም የራሱ ቤተ ክርስቲያን፥ የተወሰነ ሕዝብና የራሱ እረኛ እንዲሰጠው ያዝዝና ይህን ክፍል ቁምስና ይለዋል። በዚያ አነጋገር መሬቱና ሕንፃው ይቀድማሉ። የ1983ቱ ሕግ በቍጥር 515፥ ሥርዓተ ግዕዝን የሚመለከተው የ1990 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቍጥር 279 አነጋገሩን አስተካክለው፥ ቁምስና ማለት በቋሚነት የተመሠረተ፥ እረኝነቱም ለቆሞስ የተሰጠ የምእመናን ማኅበር ነው አሉ። ሕንፃ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተነሣም። ስለዚህ የደማምና የኮበር ምእመናን ሕንፃ ስለሌላቸው ብቻ ማኅበር አይደሉም ማለት አይቻልም። የሚጐድላቸው ሌላ ነው፤ ይኸውም ቋሚነትና እረኛ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ታሪክ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ የሚሄድ ነው።

ያ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሶርያ ቋንቋ ቤት ቀጥራዬ፥ የቀጠር ሰዎች አገር ይባል ነበር። ይህ ስም የዛሬውን የቀጠር መንግሥት ብቻ ሳይሆን ባሕሬንንና የሳዑዲን ምሥራቃዊ ክፍል ጭምር የሚይዝ ነው። በፋርስ መንግሥት ሥር የነበረው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን በ410 ሲኖዶስ ሲያደርግ የዚህ አገር ጳጳሳት ስም ተጠቅሷል። ከመንበረ ጵጵስናዎቹ አንዱ ዳሪን ነበረ። ዳሪን ከደማም በስተ ሰሜን፥ በቀጢፍ ፊት ለፊት ባለችው በታሩት ደሴት ላይ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም የምትጠራ ስፍራ ናት።

በሰባተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፥ አገሩ በእስልምና መንግሥት ሥር ከሆነ በኋላ፥ የቤት ቀጥራዬ ጳጳሳት ከካቶሊኮሱ ከኢሾዕያብ ሣልሳይ ተለዩ። ኢሾዕያብ ለጳጳሳቱ ብቻ ሳይሆን ለምእመናኑና ለመነኮሳቱም ደብዳቤ ጻፈ። የዚህ ካቶሊኮስ ደብዳቤዎች ዛሬም ስላሉ ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው። በተለይ ስለ ማዞን፥ ማለት ስለ ዑማን ክርስቲያኖች የጻፈው በጥንቃቄ ይነበባል። ሰዎቹ ሃይማኖታቸውን የተዉት በሰይፍ ተገደው አልነበረም፤ ከሀብታቸው እኩሌታውን እንዳያጡ ብለው ነው እንጂ። ዐረቦች ግን ካህናትንና መነኮሳትን ያከብሩ እንደ ነበረ ራሱ ይመሰክራል። ይህ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣል።

መለያየቱ የታረቀው በ676 ነው። ተከታዩ ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ራሱ ወደ ዳርቻው መጥቶ በዳሪን ሲኖዶስ አደረገ። ከተደነገጉት ቀኖናዎች አንዱ ስለ ጋብቻ ነበር፤ የክርስቲያን ጋብቻ በወላጆች ፈቃድ፥ በመስቀል ፊት፥ በካህን ቡራኬ እንዲፈጸም ያዝዛል። ከደማም ወደብ ብዙ በማይርቅ ደሴት ላይ ተቀምጠው ጳጳሳት የካህን ቡራኬ የሌለው ጋብቻ አይጸናም ብለው የደነገጉበት አገር፥ ዛሬ ሁለት ክርስቲያኖች ሊጋቡ ቢፈልጉ ካህን የማያገኙበት አገር ሆኗል።

ካቶሊኮሱ ከዚያ ሲመለስ አንድ መነኩሴ ከእርሱ ጋራ ሄደ፤ እርሱም ማር ይስሐቅ ነው። በመጻሕፍት ቤት መጻሕፍተ መነኮሳትን የተማረ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አይሻም። ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት ሦስቱ መጻሕፍት በግዕዝ ተተርጕመው፥ በአንድምታ እየተብራሩ የመነኮሳት ስንቅ ሆነው ኖረዋል። ማር ይስሐቅ የነነዌ ጳጳስ ይባላል እንጂ የተወለደው በቤት ቀጥራዬ ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ ፊልክስዩስ በሚባለው መጽሐፍ ያለው ትርጓሜ መሠረቱ የዚያው አገር ሰው የዳዲሾዕ ቀጥራዊ ድርሰት መሆኑ ነው። እንግዲህ ከሦስቱ መጻሕፍት ሁለቱ የኒስፍ አልቀመር ነፋስ ከሚነፍስበት ዳርቻ ልጆች የመጡ ናቸው። የኢትዮጵያ ገዳማት ሳያውቁት የዚያን ጠፋ የተባለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲመገቡ ኖረዋል።

ማር ይስሐቅ በነነዌ ጵጵስናው ላይ የቈየው አምስት ወር ብቻ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ሁለት ሰዎች ስለ ብድር ተካሰው ወደ እርሱ መጡ፤ አበዳሪው ዛሬውኑ ካልተከፈለኝ አለ፤ ማር ይስሐቅ የወንጌልን ቃል ቢጠቅስለት ወንጌሉን ለጊዜው ተወው ሲል መለሰለት። ጳጳሱም ወንጌል ከተተወ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ ብሎ ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ ገዳም ገባ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ በ2024 ስሙ በሮም መጽሐፈ ሰማዕታት እንዲጻፍ አድርገዋል፤ በመለያየት ዘመን የኖረ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን አባት በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን መዝገበ ቅዱሳን መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የቤት ቀጥራዬ ስም ከሲኖዶስ መዝገብ እየደበዘዘ ሄደ። ቅሬታው ከአሸዋ በታች ቀርቶ፥ በ1986 ከደማም በስተ ሰሜን በጁበይል አጠገብ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ተገኘ፤ በግድግዳው ላይ የመስቀል ምልክት ነበረበት። በባሕሬንም ሰማሂጅ በተባለ ስፍራ የተቈፈረው የክርስቲያኖች ሕንፃ በ2024 ለዓለም ተነግሯል። በዳርቻው ሁሉ፥ ከኵዌት ፈይለካ ደሴት እስከ አቡ ዳቢ ሲር በኒ ያስ ድረስ፥ እንዲህ ያለ የገዳምና የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። ሕንፃ ነበራቸው፥ ጳጳስም ነበራቸው፤ ማኅበሩ ግን አልቀረም። ይህን ከላይ ከተነሣው ጥያቄ ጋራ አያይዞ ማሰብ ለአንባቢ የተተወ ነው።

የአሁኑ ማኅበር ታሪክ የሚጀምረው ከነዳጅ ዘይት ነው። የአሜሪካ ኩባንያ በ1933 ውል ተቀብሎ፥ በ1938 መጋቢት ወር ደማም ቍጥር 7 ከተባለው ጕድጓድ ብዙ ዘይት አገኘ። አሸዋ ብቻ በነበረበት ስፍራ ዘህራን ተሠራች፤ ኮበርና ደማምም ከትናንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ወደ ታላላቅ ከተሞች አደጉ። ከአሜሪካ፥ ከኢጣልያ፥ ከሊባኖስ፥ ከሕንድ፥ በኋላም ከፊሊፒን ሠራተኞች መጡ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ካቶሊካውያን ነበሩ። በኩባንያው ቅጥር ውስጥ ጸሎት በጸጥታ፥ ያለ ውጫዊ ምልክት ይደረግ ነበር። ሠራተኛው ይመጣል፥ ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ቦታውን ሌላ ይይዛል። እንዲህ ያለ ማኅበር ወንዝ ይመስላል፤ ውኃው በየቀኑ ሌላ ሲሆን ወንዙ ግን ያው ነው።

በዚያው ዘመን በባሕሩ ማዶ ሌላ ነገር ተጀመረ። የባሕሬን ገዥ መሬት ሰጥተው በመናማ በ1939 የቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በዚህ ዘመን ከተሠሩት የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የመጀመሪያው ነው። አገልጋዮቹ ካፑቺኖች ነበሩ። በዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደስ የሚለው አንድ ነገር አለ። በ1888 የዐደን ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሲቋቋም የመጀመሪያው እረኛ የሆኑት ካፑቺናዊው አቡነ ላሴር፥ ከዚያ በፊት አቡነ ማስያስ በመሠረቱት በኢትዮጵያ ሚሲዮን ረዳት ጳጳስ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት የዐረቢያ ቪካሪያት የተባለው ያ መንበር በኋላ ወደ አቡ ዳቢ ተዛውሮ እስከ 2011 ድረስ የሳዑዲን ምድር ጭምር ያዘ። እንግዲህ የደማም ምእመናን የእረኝነት ሐረግ በአንድ በኩል ከሐረርና ከኦሮሞ ምድር ሚሲዮን ጋራ የተያያዘ ነው።

በ2011 ቅድስት መንበር ድንበሩን አስተካክላ ኵዌትን፥ ባሕሬንን፥ ቀጠርንና ሳዑዲ ዐረቢያን አንድ አድርጋ የሰሜን ዐረቢያ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አለችው። ጠባቂዋ የዐረቢያ እመቤታችን ናት። የመጀመሪያው ቪካር ኮምቦናዊው አቡነ ካሚሎ ባሊን መንበራቸውን ወደ ባሕሬን አዛወሩ፤ የባሕሬን ንጉሥም በዐዋሊ መሬት ሰጡ። አቡነ ካሚሎ ግን ፍጻሜውን ሳያዩ በ2020 ዐረፉ። ካቴድራሉ በ2021 ታኅሣሥ ወር ተባረከ፤ በ2022 ኅዳር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ ባሕሬንን ሲጐበኙ በዚያ ጸሎት አደረጉ፥ በብሔራዊው ስታዲዮምም 30,000 ያህል ሕዝብ በተገኘበት ቀደሱ። ከ2023 ጀምሮ ቪካሩ አቡነ አልዶ በራርዲ ናቸው። በሳዑዲ ብቻ ያሉት ካቶሊካውያን ከአንድ ሚሊዮን እንደሚበልጡ ይገመታል፤ ይህም በኢትዮጵያ ካሉት ብዙ ሀገረ ስብከቶች ምእመናን ቍጥር የሚበልጥ ነው።

እረኛው በባሕሬን፥ መንጋው በደማም ከሆነ እንዴት ይገናኛሉ? በ1986 ኅዳር ወር ኮበርን ከባሕሬን የሚያገናኝ፥ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ተከፈተ። (የጁበይል ፍርስራሽ የተገኘውም በዚያው ዓመት መሆኑ ከላይ ተነግሯል።) ከዚያ ወዲህ በኮበርና በደማም የሚኖር ካቶሊካዊ መኪና ካለው፥ ወረቀቱም ከተሟላለት፥ ባሕሩን ተሻግሮ ማስቀደስ ይችላል። በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለ ሆነ ሕዝቡ የሰንበትን ቅዳሴ በዓርብ ማስቀደስ ለምዷል። በመናማ በአንድ ቀን በእንግሊዝኛ፥ በዐረብኛ፥ በታጋሎግና በሕንድ ቋንቋዎች ተከታትሎ ይቀደሳል።

ድልድዩ ግን ለሁሉ ድልድይ አይደለም። መሐንዲሱና ሐኪሙ ይሻገሩበታል፤ በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ አትሻገርበትም። ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ለመውጣትና ለመመለስ የእርሱ ፈቃድ ያስፈልጋታል። በ2021 የወጣው የሳዑዲ የሥራ ሕግ ማሻሻያ ለብዙ ሠራተኞች ይህን ሲያቀልል የቤት ሠራተኞችን አልጨመረም። ብዙዎቹ የዕረፍት ቀን እንኳ የላቸውም። ስለዚህ ቁምስናው ሁለት ዓይነት ሰው አለው፤ በወር አንድ ጊዜም ቢሆን ቅዱስ ቁርባን የሚቀበልና፥ ሁለት ዓመት ሙሉ የካህን ፊት የማያይ። ስለ ባሕረ ሰላጤው ቤተ ክርስቲያን ዕድገት የሚጽፉ ሰዎች የፊተኛውን ቈጥረው የኋለኛዋን የሚረሱበት ጊዜ አለ። ኢትዮጵያውያት ግን አብዛኞቹ ከኋለኞቹ ወገን ናቸው።

ቋሚነትም ቢሆን በአንድ ትእዛዝ ሊፈርስ እንደሚችል በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ታይቷል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ 160,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመለሱ። በዚያው በ2013 የካቲት ወር በደማም በአንድ መኖሪያ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ ከ50 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች፥ አብዛኞቹም ሴቶች፥ ተይዘው እንደ ነበረ ተዘግቧል። ከዚህም የተነሣ ምእመናን የሚሰበሰቡበትን ስፍራና የሚያስተባብሯቸውን ሰዎች ስም በማናቸውም ጽሑፍ ላይ ማውጣት አይገባም። የቁምስና ታሪክ መጻፍ የሚወድድ ተማሪ ይህን ያስብ፤ አንዳንድ ታሪክ ሳይጻፍ የሚጠበቅ ነው።

ታዲያ ካህን ለሌለው ማኅበር ቤተ ክርስቲያን ምን ትታለች? ብዙ ትታለች፤ ችግሩ ያልተማረ ሊጠቀምበት አለመቻሉ ነው። ስለ ጥምቀት የምሥራቁ ሕገ ቀኖና በቍጥር 677 በአስገዳጅ ጊዜ ካህን ከሌለ ማናቸውም ምእመን ሊያጠምቅ እንደሚችል ይናገራል። ውኃ እያፈሰሱ በሥላሴ ስም ማጥመቅ ነው፤ ቅብዐ ሜሮን ግን ካህን እስኪገኝ ይቈያል። ስለ ቅዳሴም እንዲሁ ነው፤ ማንም ለማይቻለው ነገር አይገደድም፤ ከአሠሪዋ ቤት መውጣት ያልቻለች ሴት ሰንበትን በጸሎት ታከብራለች፥ ኀጢአትም የለባትም። ብዙ ሴቶች ይህን ባለማወቃቸው ሁለት ዓመት ሙሉ በኀጢአት የኖሩ መስሏቸው ተስፋ ቈርጠው ይመለሳሉ። ስለ ንስሓ ደግሞ ከእግዚአብሔር ፍቅር የመጣ ፍጹም ጸጸት፥ ካህን ሲገኝ ለመናዘዝ ከቈረጠ አሳብ ጋራ፥ ኀጢአትን እንደሚያስተሰርይ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች።

ጋብቻ ከሁሉ ይከብዳል። በምሥራቅ ሥርዓት የካህን ቡራኬ ለጋብቻው ጽናት አስፈላጊ ነው፤ በዚህ የዳሪን ሲኖዶስና የዛሬው ሕግ ቍጥር 828 አንድ ቃል ናቸው። ይሁን እንጂ ቍጥር 832 ሥልጣን ያለው ካህን ያለ ታላቅ ችግር የማይገኝ፥ ይህም ሁኔታ አንድ ወር እንደሚቈይ በማስተዋል የሚታወቅ ከሆነ፥ እውነተኛ ጋብቻ ለመጋባት የቈረጡ ሁለቱ በምስክሮች ፊት ብቻ በሚገባ ሊጋቡ እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ በኋላ ግን ቡራኬውን ከካህን ለመቀበል እንዳይዘገዩ ያሳስባል። ይህ ሕግ ለመላላት የተሰጠ በር አይደለም። ያለ ምስክር በስውር የተጀመረ አብሮ መኖርን ጋብቻ ማድረግ አይችልም። ምስክሮች ያስፈልጋሉ፥ ከሌላ ጋብቻ ነጻ መሆንም ያስፈልጋል። በአገሩ ሚስት ትቶ የሄደ ወንድ በዚያ ሌላ ሲያገባ ቍጥር 832 አይረዳውም።

የስም መለወጥ ነገርም አለ። ከክርስቲያን ቤተ ሰብ የወጡ አንዳንድ ሴቶች ቪዛው እንዲቀልላቸው ደላላው ባዘዛቸው መሠረት የሙስሊም ስም ይዘው፥ ማተባቸውን በጥሰው እንደሚሄዱ የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ የኢሾዕያብ ደብዳቤ ይታወሳል፤ እንጀራ ከሰይፍ ይልቅ ብዙ ሰው ይወስዳል። ነገር ግን ቆሞሱ የማዞንን ባለጠጎችና የድኻ ገበሬ ልጅ በአንድ ሚዛን እንዳይመዝን ያስፈልጋል። የማዞን ሰዎች ሀብታቸውን ሊያድኑ ነው፤ ይህች ግን እናቷን ልትጦር ነው። ክሕደት ሃይማኖትን አውቆና ፈቅዶ መተው ነው እንጂ በወረቀት ላይ የተጻፈ ስም ብቻውን ክሕደት አይሆንም። ተናዛዡን የሚሰማ ካህን ምን አለች፥ ምን ፈረመች፥ ዕድሜዋ ስንት ነበረ፥ ማንስ አስገደዳት ብሎ ይጠይቅ። ከመሄዷ በፊት ግን፥ የሚቻል ከሆነ፥ እንዳታደርገው ይምከራት።

መሸኘቱ ራሱ ትምህርት ይጠይቃል። በአሠሪ ቤት ጓዳ መጽሐፍ ላይገኝ፥ ቢገኝም ሊወሰድ ይችላል፤ በቃል የተያዘ ግን አይወሰድም። በቃል ትምህርት ያደገ የአገራችን ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። አቡነ ዘበሰማያት፥ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፥ ጸሎተ ሃይማኖት፥ የሚቻላትም ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ ከፍላ፥ የጸጸትም ጸሎት፥ የጥምቀትም አፈጻጸም፤ እነዚህን በአንድ ወር ውስጥ ማስጠናት ይቻላል። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በአገራችን ካቶሊካውያንን ሲሰበስብ ከቦታ ቦታ እየተሰደደ ነበረ፤ በ1860 የሞተውም በመንገድ ላይ ነው። ያን ማኅበር ይዞ ያቈየው ምእመናኑ በልባቸው የያዙት ነው።

ስትመለስ ደግሞ ሕፃን ታቅፋ ብትመጣ፥ በዚያም አገር በአንዲት ጓደኛዋ እጅ ተጠምቋል ብትል፥ ቆሞሱ ሁለተኛ ለማጥመቅ እንዳይቸኩል። ውኃው እንዴት እንደ ፈሰሰ፥ ቃሉም ምን እንደ ነበረ በትዕግሥት ይጠይቅ። ከጥርጥር የራቀ አንድ ምስክር ቢገኝ፥ ሌላውን የሚጐዳም ካልሆነ፥ ጥምቀቱን ለማረጋገጥ በቍጥር 691 መሠረት ይበቃል። ከዚያ ሜሮን ይቀባዋል፥ ስሙንም በመዝገበ ጥምቀት ይጽፋል። በመዝገቡ ውስጥ ጥምቀት የተፈጸመበት ስፍራ የሚጻፍበት ዐምድ አለ፤ በዚያ ዐምድ ደማም ወይም ኮበር ተብሎ ይጻፋል፤ ለሰሜን ዐረቢያ ሐዋርያዊ ቪካሪያትም ማስታወቂያ ይላካል።